ባዶው የኖኒያ መቃብር

ኦስቲያ፣ ከአመዱ በኋላ በዘጠነኛው ዓመት፣ መስከረም

እትዬ ሎሬያ፣

ከወደቡ የተነሣው ነፋስ ይህን ደብዳቤ ኔያፖሊስ ድረስ በደህና ያግባልኝ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የአበባ መደብርዎ እንዴት ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እሠራለሁ ማለቴ ነው። እዚህ የገዛኋቸውን የቤት አማልክት መደርደሪያ ላይ ካቆምኳቸው ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ጨውና ዳቦ አቀርብላቸዋለሁ። እስካሁን ግን ስሜን የሚያውቁ አይመስለኝም። የድሮዎቹ ያውቁኝ ነበር፤ እነሱ እዚያው ታች ቀሩ።

የምጽፍልዎ ስለ ልጄ ስለ ኖኒያ ነው።

በሕልሜ መምጣት ጀምራለች። ድሮ አትመጣም ነበር። የምከራየው ክፍል ከሕንፃው ሁሉ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር መሆኑን ያውቃሉ። ደረጃውን ስትወጣ እሰማታለሁ። እንደ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በየእርከኑ ሁለቱንም እግሮቿን እያሳረፈች ትወጣለች። ደጃፌ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። አታንኳኳም። እኔም አልከፍትላትም፤ በሕልሜ ውስጥ እጅ የለኝም።

ተራራው ተከፍቶ እሳትና አመድ የተፋ ቀን እኔ እዚህ ነበርኩ። ይህን እያወቁት የምደግመው ሳልደግመው መቀጠል ስለማልችል ነው። የዓሣ መረቅ ማሰሮ ከመርከብ እያስወረድኩ ነበር። እሷ ፖምፔይ ከሞግዚቷ ጋር ነበረች። እናቷ እሷን ስትወልድ አልፋለች። ስለ ሞግዚቷም ስለ ልጅቷም ወሬ ያመጣልኝ ሰው የለም።

እዚህ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ አካሉ ላልተገኘ ሰው ባዶ መቃብር ይሠራለታል፣ በመቃብሩ አፍ ላይ በስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ነፍሱም ሰምታ ትገባለች፣ ታርፋለች። እስከ ዛሬ እምቢ ያልኩት ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። የተጠራ ሰው ሞቷል። ያልተጠራ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። እኔ በዚያ «አይታወቅም» በሚለው ቃል ውስጥ ቤት ሠርቼ ስኖር ቆየሁ። አሁን ደከመኝ።

ከከተማው በር ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ትንሽ ቦታ ይዣለሁ። በየካቲት፣ በሙታን ቀናት፣ እጠራታለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ወደ ቦታው ይሂዱልኝ። ከቤታችን በላይ አንድ እፍኝ አመድ ዘግነው በማሰሮ ይላኩልኝ። መቃብሩ ጭራሽ ባዶ እንዳይሆን።

የአጎትዎ ልጅ
ትሬቢዮስ

*

ኔያፖሊስ፣ ኅዳር

ወንድሜ ትሬቢዮስ፣

ደጅህ ሰው አይጣ፣ ማሰሮህ አይጉደል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ አለሁ። ጽጌረዳ ዘንድሮ ጥሩ ነበር። የአገሬው ሰው ሁሉ ግሪክኛ ስለሚያወራ እኔም በግሪክኛ መሳደብ ለምጃለሁ፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

ሄጄልህ ነበር። አንድ በቅሎ ነጂ እስከ ወንዙ አደረሰኝ። ወንዙ ግን በነበረበት የለም፤ በሌላ በኩል ይፈስሳል፣ ሰው እንደማያውቅ ሰው ፊቱን አዙሮ። ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ሜዳ ነው፣ ወንድሜ። ሣር በቅሎበታል። አልፎ አልፎ የግንብ ጫፍ ብቅ ይላል፣ እዚህም እዚያም ደግሞ እብነ በረድ ፈላጊዎች የማሱት ጉድጓድ አለ። አንዱ ቆፋሪ ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ምን ጠፋዎት?» አለኝ።

«መንገድ» አልኩት።

«የቱ መንገድ?»

«የዳቦ ጋጋሪዎቹ።»

ሳቀብኝ። «እየረገጡት ነው፤ ትንሽ ጥልቅ ነው እንጂ» አለ።

ጫማዬን አወለቅሁ። የሰው ጣሪያ ላይ በጫማ መቆም ነውር መሰለኝ። እዚያ ቆሜ ከሥሬ የሚያወራ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ሰው በሚቀጥለው ክፍል ሆኖ ስለ እራት እንደሚያወራ ያለ ነው። ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ፀሐዩ ዞረ። ቆፋሪው ወይን አመጣልኝ፤ ያበድኩ መስሎት መሆን አለበት።

አመዱን አልዘገንኩልህም። ቤታችሁ የቱ ጋ እንደነበር ማወቅ አልቻልኩም። የሌላ ሰው ቤት አመድ ልኬልህ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ብታለቅስስ?

አሁን የምልህን ስማኝ። ዘንድሮ አትጥራት። አንድ ዓመት ታገሥ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ፤ እኔም ገና እርግጠኛ አይደለሁም።

ከመደብሬ ደረቅ ጽጌረዳ ልኬልሃለሁ። ትራስህ ውስጥ ክተተው።

እህትህ ሎሬያ

*

ኦስቲያ፣ ታኅሣሥ

እትዬ ሎሬያ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለጉልበትዎም። ጽጌረዳው ደርሶኛል።

«እርግጠኛ አይደለሁም» ሲሉ በምን ነው እርግጠኛ ያልሆኑት? ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እያነበብኩ ሥራ ላይ አንድ ማሰሮ ሰበርኩ።

ኑኬሪያን ያስታውሳሉ? ሴት ልጅ ተገኘች ተብሎ በአራተኛው ዓመት የሄድኩበትን? ስደርስ ልጅቷ የሌላ ሰው ልጅ ነበረች፣ እናቷም አጠገቧ ቆማ ነበር። ሰዎቹ በቅን ልብ ነው የጠሩኝ። ከዚያ ስመለስ ያደረገኝን አይተዋል፤ እርስዎው ነዎት ሾርባ ሲግቱኝ የከረሙት። ሌላ ኑኬሪያ አልችልም። የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ። ከሌለ ግን አይከልክሉኝ። ድንጋይ ጠራቢው የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ቀርጿል።

ሕልሙ አልቀረም። አሁን ስትቆም ትንፋሿን እሰማለሁ።

ትሬቢዮስ

*

ኔያፖሊስ፣ ጥር

ወንድሜ ትሬቢዮስ፣

በየትኛውም አምላክ ስም፣ ይህ ደብዳቤ ሳትጠራት ቀድሞ ይድረስህ። ባሕሩ በብርዱ ወራት ለመርከብ ዝግ ስለሆነ በየብስ፣ በበቅሎ ነጂ ነው የምልከው።

ኑኬሪያን ስለማስታውስ ነው ዝም ያልኩት። ያን ሾርባ ዳግመኛ ማፍላት ፈርቼ ነው። ያየሁትን ግን ልንገርህ፣ አንተው መዝነው።

ፑቴዮሊ አበባ ላደርስ ሄጄ በወደቡ አሸዋ ላይ መረብ የምትጠግን አንዲት ወጣት አየሁ። ሃሊያ ይሏታል። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ አመዱ በወረደ ማግስት፣ ከፖምፔይ ወረድ ብሎ ካለው ከስታቢያ ዳርቻ አንሥቶ ያሳደጋት። ብዙ ጊዜ አልተናገረችም አሉ፤ ስሟንም አልነገረቻቸውም። ሰውየው ሞቷል። ሚስቱ፣ ኤውኒያ የምትባል አሮጊት፣ አለች።

ፊቷን አይቼ አልጮህኩም፤ ያንተን ልጅ ፊት የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሰርግ ላይ ነው፣ ማር ተቀብቶ። ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና ምን ታስታውሻለሽ አልኳት። ሰማያዊ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ እግረ ረጅም ወፍ፣ እና ዓሣ ዓሣ የሚሸት የሰው እጅ አለችኝ።

ኤውኒያ ከወዲያ ሆና «በዚህ ወደብ እጁ ዓሣ የማይሸት ሰው ካገኘሽ አምጪልኝ፣ ላግባው» አለች።

ይኸው ነው። ይህን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሕይወትህን እንዳላፈርስ ፈራሁ፤ ብትጠራት ደግሞ እሷ በሕይወት እያለች እንዳትቀብራት ፈራሁ። የቤታችሁ ግድግዳ ሰማያዊ ነበር? እሱን ጻፍልኝ። እስከዚያ አትጥራት። እባክህ።

ሎሬያ

*

ኦስቲያ፣ የካቲት፣ ከሙታን ቀናት በኋላ

እትዬ ሎሬያ፣

ሰላም ይሁንልዎ። ከእርስዎ ምንም አልመጣም። ስለዚህ ጠራኋት።

ብርድ ነበር። ምስር፣ ጨው፣ በወይን የራሰ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። መቃብሩ ትንሽ ነው፣ የዳቦ ምድጃ ያህላል። በአፉ ላይ ጎንበስ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። «ኖኒያ» ስል አንድ ጋሪ ነጂ መንገዱ ላይ ዞር አለ፤ የሱም ልጅ ኖኒያ ትሆን ይሆናል። በሦስተኛው ዝግ ብዬ ነው የጠራሁት፣ ከቤት ለእራት እንደምጠራት። ከውስጥ የራሴ ድምፅ ተመለሰ። ከዚያ ጠራቢው አፉን በድንጋዩ ገጠመው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሕልሙ ቀረ። ደረጃው ጸጥ ብሏል። እተኛለሁ፣ እነሣለሁ፣ በመካከሉ ምንም የለም። ይህን ነበር የፈለግኩት። አሁን ግን በሕልሜ ጆሮዬን አቁሜ እንደቀረሁ ይሰማኛል።

ይፍረዱብኝ ወይም ይዘኑልኝ።

ትሬቢዮስ

*

ኦስቲያ፣ መጋቢት

እትዬ ሎሬያ፣

የጥር ወር ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። በቅሎ ነጂው መንገድ ላይ ካፑአ ከተማ ታሞ ተኝቶ ነበር አሉ። አልተቆጣሁትም፤ ገና እንደከሳ ነው። ውሃ ሰጠሁት። ውሃውን ሲጠጣ እያየሁ ነው ያነበብኩት።

ግድግዳችን ቀይ ነበር። ይህን ስጽፍ እርግጠኛ ነኝ። ትናንት ቢጠይቁኝም ቀይ እል ነበር። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ክፍሉ ልገባ ስል ቢጫ ይሆናል። ኖኒያ የምትተኛበት ክፍል... እዚያ ክፍል ገብቼ ግድግዳውን አይቼ አላውቅም እንዴ? እሷን ነበር የማየው። ወፍ ነበረ? ሁሉም ሰው ወፍ ያስቀባ ነበር። አንድ ሰው የራሱን ቤት ግድግዳ እንዴት ይረሳል፣ እትዬ? የሚጠየቅ ጎረቤት የለም። ሄዶ የሚታይ ግድግዳ የለም።

እርስዎም የማያነሡት ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ግን ልበለው። ጠርቻታለሁ። ልጅቷ ኖኒያ ከሆነች፣ በሕይወት ያለችን ልጅ ሙት ናት ብዬ ጠርቻለሁ። በአባቶቻችን ሥርዓት እንዲህ የተጠራ ሰው ቢመለስ በደጃፍ አይገባም። በሩ ለሕያዋን ነው። ጦር ሜዳ ሞቱ ተብለው ተለቅሶላቸው የተመለሱ ሰዎች ጣሪያ ተከፍቶላቸው ነው ወደ ቤታቸው የወረዱት፣ ከሰማይ እንደ ወደቀ ሕፃን። አያታችን ይህን ስትነግረን እንስቅ ነበር።

በደጃፌ ላስገባት አልደፍርም። በበር ብትገባ የሞተች ሆና የምትገባ ይመስለኛል። ጣሪያውን እከፍትላታለሁ ብለው ይንገሯት። ካልፈለገች አልፈርድባትም። እሷ ካልሆነች ደግሞ... ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልችልም።

ትሬቢዮስ

*

ኔያፖሊስ፣ ሚያዝያ

ወንድሜ ትሬቢዮስ፣

ልብህ ይርጋ፣ እንጀራህ ይባረክ። ባሕሩ ተከፍቷል፣ ስለዚህ ይህ ቶሎ ይደርስሃል።

ግድግዳችሁን እኔ የማስታውሰው ቢጫ ሆኖ፣ የአበባ ጉንጉን ተስሎበት ነው። ግን እኔ የማስታውሰው ግድግዳ ሁሉ ጉንጉን አለበት፤ ሥራዬ ስለሆነ መሆን አለበት። ስለዚህ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አለን። ተወው።

ፑቴዮሊ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቃብሩንም፣ ጣሪያውንም። ከተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ኤውኒያ ሣቋን መያዝ አቃታት።

«በጣሪያ? እነዚህ ሮማውያን ድመት ናቸው እንዴ?» አለች። «እኛ ግሪኮች እንኳ ሥርዓቱን በወግ ነው የምናደርገው። ሞተ የተባለ ሰው ሲመጣ ሴቶች ያጥቡታል፣ በጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ ጡት ያጠቡታል፣ እንደ አዲስ ተወለደ ማለት ነው።»

ሃሊያ መረቧን ሳትለቅ «የማን ጡት?» አለቻት።

«የኔማ ደርቋል። ፍየል እንከራያለን እንግዲህ።»

«ይሄን ሁሉ ዓሣ በልቼ አድጌ ጡት ልጥባ? ጣሪያው ይሻለኛል።»

ከዚያ ሣቁ በረደ። ኤውኒያ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ የምትሰጠው ልጅ ያላት ሴት እንደዚያ ነው የምትዞረው። ሃሊያ መረቧን ከጭኗ ላይ አውርዳ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤

«እማማ ሎሬያ፣ እኔ ኖኒያ ልሁን አልሁን አላውቅም። ስሙን ስትጠሪው ምንም አይሰማኝም። ጥሩ ስም ነው፣ ግን የሰው ስም ነው። የቀዛፊው ልጅ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት፤ አባት ጎድሎኝ አያውቅም። ግን አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ዓመት ሲፈልግ ከኖረ፣ እኔ ባልሆን እንኳ፣ አንድ ሰው ሄዶ እዚህ ነኝ ሊለው ይገባል።»

ተነሥቼ መርከብ ልጠይቅላቸው ሄድኩ።

በሚቀጥለው የእህል መርከብ ከኤውኒያ ጋር ይመጣሉ። አሮጊቷ አይታ ካልወደደችህ ይዛት ትመለሳለች፤ ይህን በግልጽ ነግራኛለች። የጽጌረዳ ቀን ስለሚደርስ ለመቃብር የሚሆን ጉንጉን ሃሊያን አስይዛታለሁ። ይዘሽ ሂጂ ስላት በማን መቃብር ላይ እንደሚያርፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እሺ» አለች።

አንተ ደግሞ ጢምህን ተላጭ።

ሎሬያ

*

ኦስቲያ፣ ሰኔ

እትዬ ሎሬያ፣

ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለእጅዎ ሥራ ሁሉ ሰላም ይሁን። የዘገየሁት የምጽፈው ስላጣሁ ሳይሆን የምጀምርበት ስላጣሁ ነው። ከፊርሞስ ልጀምር።

ፊርሞስ የሕንፃችን ጠባቂ ነው። የጣሪያ ሸክላ ላንሣ ብዬ ስለምነው ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ጌታው፣ በር እያለ በጣሪያ የሚገባ ሰው ሌባ ነው።»

«ሌባ አይደለችም። ልጄ ናት።»

«ታዲያ በሩ ምን አደረጋት?»

«ሞታለች» አልኩት።

ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «እሺ። ግን ቀስ ብላ ትርገጥ። የሞተች ብትሆንም ሸክላ ትሰብራለች።»

መርከባቸው ሲደርስ ሃሊያ ከጎረቤት ሕንፃ ሰገነት ተነሥታ፣ በጣሪያው ላይ ተሻግራ እንድትመጣ አደረግን። ኤውኒያ ከታች መንገዱ ላይ ቆማ በግሪክኛ መመሪያ ትሰጣለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሟል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩን ዘግቼዋለሁ። ፊርሞስ ከላይ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ሲያነሣ ብርሃን መጀመሪያ እንደ ክር፣ ከዚያ እንደ ፎጣ ወደ ወለሉ ወረደ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይዋኝ ነበር። ለአፍታ አመድ መሰለኝ። አቧራ ነው። የኦስቲያ አቧራ።

የምጠይቃትን ጥያቄዎች አዘጋጅቼ ነበር። ሞግዚትሽ ማን ትባል ነበር? አልጋሽ በየት በኩል ነበር? እንቅልፍ ሲወስድሽ ምን ትይዢ ነበር? ቀናት ፈጅቼ አሰናድቻቸው ነበር። ከዚያ በቀዳዳው እግር መጣ። ባዶ እግር፣ የባሕር ጨው የሰነጠቀው ተረከዝ። እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚረግጠውን ይፈልግ ነበር።

«አባባ፣ የት ላሳርፈው?» አለ ከላይ አንድ ድምፅ።

ለሽማግሌ ሁሉ አባባ ትላለች፤ ኋላ እንደሰማሁት ፊርሞስንም እንዲሁ ነው የምትለው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ትከሻዬን ሰጠኋት። በትከሻዬ ላይ ቆመች፤ ከባድ ናት። ሕፃን ሲወለድ አባት ከመሬት ያነሣዋል፤ እኔ ደግሞ አወረድኳት። ዓይኗን አየሁ። እትዬ፣ እርስዎም እንዲህ ነበር መሰለኝ የሆኑት፤ አየሁና አላወቅሁም። ደግሞም አልጮህኩም። ጥያቄዎቹ ሁሉ አፌ ድረስ መጡ። ከላይ የወረደ ሰው ገና መወለዱ ነው። ገና የተወለደን ልጅ ድሮ የት ነበርሽ ብሎ የሚጠይቅ አባት የለም። «ራበሽ?» አልኳት። «በጣም» አለች።

ኤውኒያ በበሩ በኩል ገብታ ክፍሉን አየች፣ አልጋውን ዳሰሰች፣ የዓሣውን መረቅ ቀመሰች። «ጨው በዝቶበታል» አለችኝ። ግን ቀርታለች፤ በማግስቱ እሄዳለሁ ብላ ነበር፣ እስካሁን አልሄደችም። እኔም አላነሣሁባትም።

በስምንተኛው ቀን፣ ለሴት ልጅ ስም በሚወጣበት ቀን፣ በአማልክቱ ፊት አቆምኳት። ኖኒያ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ አልተቃወመችም፣ ፊቷን ግን ትንሽ አጠነከረች፣ ልኩ ያልሆነ ጫማ እንደሚለኩበት ሰው። ያን ስም አንድ ጊዜ በድንጋይ አፍ ላይ ጠርቼዋለሁ፤ የተቀበለኝም ተቀብሎኛል። መልሼ ልወስደው እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ። «ሃሊያ» አልኩ። «የትሬቢዮስ ልጅ ሃሊያ።» ጨውና ዳቦ አቀረብን።

ትናንት የጽጌረዳ ቀን ነበር። ጉንጉንዎን ተሸክማ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ከወረደች ጀምሮ ይህን ቀን ነበር የፈራሁት። መቃብሩን ስታይ ምን ትሆናለች? በራሷ ስም ይሁን በሌላ ሰው ስም ፊት እንደምትቆም አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ደረስን። ትንሽነቱ አስገረማት መሰለኝ፣ ቁልቁል ብዙ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ በድንጋዩ ዙሪያ የበቀለውን አረም መንቀል ጀመረች፤ መረብ እንደምትፈታ፣ በጣቷ ጫፍ፣ ሳትቸኩል። ጉንጉኑን አኖረች። አንዲት ሴት ከጎናችን ወዳለው መቃብር መጥታ ወይን እያፈሰሰች ነበር፣ ወደ እኛ ዞር አለችና ፊደሎቹን በዓይኗ ተከትላ ጠየቀቻት፤

«ልጅ ናት? ምናችሁ ናት?»

ሃሊያ እጇን ከአፈሩ ላይ አራገፈች።

«እህቴ ናት» አለች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ እትዬ። አላረምኳትም። ሴትየዋ ለኛም ከወይኗ ጥቂት አፈሰሰችልን፣ ከዚያም ሦስታችን በዚያ ጠባብ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ከሁለቱ ልጆቼ አባት፣
ትሬቢዮስ